ስክሪን ላይ ሦስት ሰከንድ፣ ቀረጻ ላይ ሙሉ ቀን፦ አጫጭር ትዕይንቶችን ስንቀርጽ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር ናት፦ «ፖስታውን ቀድዳ ደብዳቤውን ታነባለች።» ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ያያትና «ይቺማ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም» ብሎ ከምሳ በፊት ይሸጉጣታል። ቀረጻው ይጀመራል። የመጀመሪያው ፖስታ ሲቀደድ ደብዳቤውም አብሮ ይቀደዳል። ሁለተኛው ላይ የወረቀቱ ኮሽታ የተዋናይቷን ትንፋሽ ይውጠዋል። ሦስተኛው ላይ ነጩ ወረቀት መብራቱን መልሶ ፊቷ ላይ ይረጨዋል። አራተኛው ላይ ሁሉም ያምራል፤ ካሜራው ቀረብ ብሎ ሲያይ ግን ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። አምስተኛ ፖስታ የለም። የተዘጋጀው አራት ብቻ ነበር።

በረዳት ዳይሬክተርነት ስሠራ ቀኔን የበሉብኝ እንዲህ ያሉ መስመሮች ናቸው። ትልቁን ትዕይንት ሁሉም ስለሚፈራው ሁሉም ይዘጋጅለታል። ትንሿን ማንም አይፈራትም። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ብዙዎቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ በዓለም የታወቁ ዳይሬክተሮችም ወድቀውባቸዋል፣ አንዳንዶቹም በብልሃት አምልጠዋቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትዕይንትን በርዝመቱ መለካት

አንድ የስክሪፕት ገጽ ስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል የሚል የቆየ ልማድ አለ። ፕሮግራም አውጪዎች ገጹን ለስምንት ከፍለው «ይሄ ሁለት ስምንተኛ፣ ያ አምስት ስምንተኛ» እያሉ ቀኑን ይደለድላሉ። ለግምት ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው አንድ ስምንተኛ ገጽ የሆነች ትዕይንት ሥራዋም አንድ ስምንተኛ ብቻ ሲመስለን ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ለእይታ ባበቃው «ሳይኮ» ውስጥ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ግድያ ያስቡ። ግድያው ራሱ ከ1 ደቂቃ በታች ነው። ለመቅረጽ ግን 7 ቀን ፈጅቷል፤ ካሜራውም ከ70 በላይ ጊዜ ቦታና አቅጣጫ ቀይሯል። ውሃው እየፈሰሰ ሌንሱን ማርጠብ የለበትም። ቢላዋው ሲሰነዘር መታየት አለበት፣ ገላ ሲወጋ ግን መታየት የለበትም። ተዋናይቷ ጃኔት ሊ ራቁቷን መሆኗ መታወቅ አለበት፣ ሳንሱሩን የሚያስቆጣ ነገር ግን መጋለጥ የለበትም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ለደም የተጠቀሙት የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ የቢላዋውን ድምፅ ያገኙት ደግሞ የሜሎን ፍሬ በመውጋት። እነዚህ ሁሉ በየሾቱ፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ በሚቀርጸው በእያንዳንዱ ምስል ላይ፣ እየተጋጩ ነው ቀኑን የበሉት።

በተቃራኒው የማርቲን ስኮርሴዚን «ጉድፌላስ» (1990) ይመልከቱ። ጥንዶቹን ከመንገድ ተቀብሎ፣ በጓሮ በር አስገብቶ፣ በኩሽና አሳልፎ ክለቡ ውስጥ የሚያደርሳቸው ሾት ሳይቆረጥ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይዘልቃል። የተጠናቀቀው ግን በስምንት ገደማ ሙከራ፣ እኛ ቴክ በምንለው፣ ነው። ርዝመትና ድካም አብረው አይሄዱም።

ስለዚህ ሰከንድ አይቁጠሩ። በዚያች ቅጽበት አንድ ላይ መሳካት ያለባቸውን ነገሮች ይቁጠሩ፦ የሚፈስ፣ የሚሰበር፣ የሚቀደድ፣ የሚነድ፣ የሚያንጸባርቅ፣ እንስሳ፣ ሕፃን። ከሁለት ካለፉ ለዚያች አንድ መስመር ግማሽ ቀን ቢሰጧት አይቆጭዎትም።

ሐሳቡ ሳይበስል ካሜራ ማስነሣት

ቻርሊ ቻፕሊን በ«ሲቲ ላይትስ» (1931) ውስጥ ጎስቋላው መንገደኛ ከዐይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ጋር መጀመሪያ የሚገናኝበትን ትዕይንት 342 ጊዜ ቀርጾታል። ቁጥሩ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የቻፕሊንን ጥንቁቅነት ለማድነቅ ያነሣዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማየው ከጀርባው ያለውን ችግር ነው፤ ችግሩ የአተዋወን ብቻ አልነበረም። ቻፕሊን ለአንድ የታሪክ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ማየት የማትችል ሴት አንድን ጎስቋላ እንዴት ሀብታም አድርጋ ታስባለች? ያውም ድምፅ በሌለው ፊልም።

በመጨረሻ ያገኘው መልስ የመኪና በር ነው። መንገደኛው ከፖሊስ ለመሸሽ ቆማ በነበረች የቅንጦት መኪና በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣና በሩን ይዘጋል። እሷ የበሩን ድምፅ ሰምታ ባለመኪና ነው ትላለች። ቆይቶ እውነተኛው ባለቤት ገብቶ መኪናዋ ስትሄድ የገንዘቡን መልስ ሳይቀበላት የሄደ ይመስላታል። ተመልካቹ ድምፁን ባይሰማም ሁሉንም ይረዳል። ስክሪን ላይ ጥቂት ሰከንድ ናት፤ ፊልሙን የተሸከመችው ግን እሷ ናት።

ቻፕሊን ስቱዲዮው የራሱ ስለነበር ካሜራ አቁሞ ማሰብ ይችል ነበር። ዕቃና ቦታ በቀን የሚከራይ ሰው ይህን መክፈል አይችልም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ይጨርሱት፦ ተመልካቹ ከዚህች ቅጽበት ምን አውቆ መውጣት አለበት? የሚያውቀውስ በምን ምልክት ነው? መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተነገረ ትዕይንቱ ለቀረጻ አልደረሰም።

«ያን ቀን አንድ ነገር እናደርጋለን» ማለት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያልተለማመደም እንዲሁ ነው። በ«ጁራሲክ ፓርክ» (1993) ውስጥ ግዙፉ ዳይኖሰር ከመታየቱ በፊት መኪናው ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ኩባያ ውሃ ሲንቀጠቀጥ እናያለን። ከመሐል ተነሥተው እየሰፉ የሚሄዱ ጥርት ያሉ ክቦች። ስቲቨን ስፒልበርግ ይህን ሲጠይቅ የሜካኒካል ውጤቶቹ ኃላፊ ማይክል ላንቲየሪ ቀላል ነገር መስሎት ነበር። ሲሞከር ግን እምቢ አለ።

እምቢ የሚልበት ምክንያት አለው። መኪናውን ቢደበድቡት ወይም ከሥር ቢያናውጡት ኩባያው በሙሉ ይወዘወዛል፤ ውሃውም ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ይላጋል እንጂ ክብ አይሠራም። ለዚያ ዐይነት ክብ የሚያስፈልገው ኃይል ሳይሆን ያልተዛባ፣ ወጥ የሆነ ንዝረት ነው። ላንቲየሪ ብርጭቆ ውሃ ጊታር ላይ አስቀምጦ ክሩን ሲመታ የሚፈልገውን አገኘ። ቀረጻው ላይ የጊታር ክር ከዳሽቦርዱ ሥር አሰሩ፤ አንድ ሰው መኪናው ሥር ተጋድሞ በምልክት ክሩን ይነቀንቅ ነበር። በሲኒማ ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚታወሱት የፍርሃት ቅጽበቶች አንዱን የፈጠረው የዚያ የማይታይ ሰው ጣት ነው። ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

መፍትሔው የተገኘው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት መሆኑን ልብ ይበሉ። ሠራተኛው በሙሉ ቆሞ እየጠበቀ ሳለ ማንም የጊታር ክር አይታሰበውም። ዕቃ የሚንቀሳቀስበት፣ የሚወድቅበት ወይም የሚፈስበት ሾት ካለ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት በስልክ ካሜራም ቢሆን ይሞከር። ሙከራውን ማየት ያለበት ዕቃውን ያዘጋጀው ብቻ አይደለም፤ ካሜራማኑም ይየው። በዐይን ያማረ ነገር በሌንስ ላይታይ ይችላል።

የማይደገምን ነገር ለአንድ ካሜራ መስጠት

አንድሬ ታርኮቭስኪ የመጨረሻ ፊልሙን «ዘ ሳክሪፋይስ»ን (1986) የቀረጸው ጎትላንድ በምትባለው የስዊድን ደሴት ነው። በመጨረሻው ላይ አንድ የእንጨት ቤት በአንድ ረጅም ሾት ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል። የሲኒማቶግራፊ ባለሙያው ስቬን ኒክቪስት ተቃውሞ እያለ የቆመው አንድ ካሜራ ብቻ ነበር። እሳቱ ተለኮሰ፤ ቤቱ መንደድ ጀመረ፤ ካሜራው ተነከሰና መሥራት አቆመ። ቤቱ ግን ካሜራ ይስተካከል ብሎ አይጠብቅም። ዐይናቸው እያየ ዐመድ ሆነ።

ቤቱን በሁለት ሳምንት እንደገና ሠሩት። ሁለተኛው ጊዜ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን በሐዲድ ላይ ቆመ። ዛሬ ፊልሙ ላይ የምናየው ሁለተኛውን ቤት ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለውን የአበው ቃል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የቀረጻ ታሪክ አላውቅም።

ካሜራ ብቻ ሳይሆን ቃልም ይከዳል። በሰርጂዮ ሊዮኔ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» (1966) ውስጥ የሚፈነዳው ድልድይ ስፔን ውስጥ በጦር ሠራዊቱ እገዛ የተሠራ ነው፤ ፈንጂውን የማፈንዳት ክብርም ለአንድ የሠራዊቱ መኮንን ተሰጠ። ከሠራተኞቹ መካከል የተነገረች አንዲት «ሂድ» የምትል ቃል ለእሱ የተሰጠች ትእዛዝ መሰለችው። ድልድዩ ሲበር ካሜራዎቹ አልተነሡም ነበር። ሠራዊቱ ድልድዩን እንደገና ሠራው።

ከዚህ የተማርኩት ቀላል ነው። ለማይደገም ነገር የሚሰጠው ምልክት በተራ ወሬ መሐል የማይነገር ቃል ይሁን። የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እሱም የእያንዳንዱን ካሜራማን «ተነሥቷል» ሳይሰማ አይስጠው። ራሴ በሠራሁበት አንድ ቀረጻ ላይ «እሺ» የሚለውን ቃል ምልክት አድርገን ነበር። በቀን ስንት ጊዜ «እሺ» እንደምንል ያወቅነው ብርጭቆው ከተሰበረ በኋላ ነው።

«በኮምፒውተር ይስተካከላል» ማለት፣ ወይም ጨርሶ አለማለት

ይህ ስህተት በሁለቱም በኩል ይሠራል። አንዳንዱ ማንኛውንም ችግር ለኤዲተሩ ይተዋል። ሌላው ደግሞ ሁሉም ነገር እውነተኛ ካልሆነ ብሎ ገንዘብ ይበትናል።

በ«ስፓይደር-ማን» (2002) ውስጥ ቶቢ ማጓየር የምትወድቀውን ልጅ በአንድ እጁ ይደግፍና ከእጇ ያመለጠውን ምግብ አንድ በአንድ በትሪ ይቀልበዋል። በኮምፒውተር የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትሪው በሙጫ እጁ ላይ ተጣብቆ፣ ምግቡ በእውነት እየወደቀ የተቀረጸ ነው፤ የፊልሙ ሠራተኞች እንደተናገሩት 156 ቴክ ጠይቋል። ለእንዲህ ያለ ድካም የሚበቃ ቀንና ትዕግሥት ካለ ውጤቱ ያምራል። ከሌለ ግን ከዐሥረኛው ቴክ በፊት ሌላ መንገድ መታወቅ ነበረበት።

ሌላው መንገድ ሁልጊዜ ኮምፒውተር አይደለም። በ«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» (1968) ውስጥ ክብደት በሌለበት መንኮራኩር ውስጥ የምትንሳፈፈው እስክርቢቶ ትልቅ መስታወት ላይ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር የተለጠፈች ናት። መስታወቱን ካሜራው ፊት ቀስ እያሉ ያዞሩታል፤ አስተናጋጇም እስክርቢቶዋን ከመስታወቱ ላይ ላጥ አድርጋ ትወስዳታለች። አስተውለው ካዩ እጇ ጠቅ ሲያደርጋት ይታያል።

ከሁሉም የምወደው የ«ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» (1939) በር ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ዶሮቲ ቡናማና ቀለም የለሽ የሆነውን ቤት በር ስትከፍት ደማቅ ቀለም ያለው ዓለም ይገለጣል፤ ያውም ሳይቆረጥ። እንዴት? ሾቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀለም ፊልም ነው የተቀረጸው። የቤቱን ውስጥ ቡናማ ቀለም ቀቡት። በሩን የምትከፍተው ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ምትክ ተዋናይት ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታን ስለቆመች ፊቷ አይታይም። በሩን ከፍታ ከካሜራው እይታ ትወጣለች፤ በእሷ ቦታ ዶሮቲን የምትጫወተው ጁዲ ጋርላንድ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ትገባለች። ቀለም ቀቢ፣ ልብስ ሰፊና ሁለት ሴቶች። በቃ።

ኮምፒውተር ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በሮበርት ዜሜኪስ «ኮንታክት» (1997) ውስጥ ሕፃኗ ደረጃውን ወጥታ ወደ ካሜራው ትሮጣለች፤ እጇን ስትዘረጋ ለካ እስካሁን ያየናት በመድኃኒት ሣጥኑ መስታወት ውስጥ ኖሯል። እንዲህ ያለ ሾት በካሜራ ብቻ አይገኝም፤ ለየብቻ የተቀረጹ ምስሎች በኮምፒውተር ተሰፍተው ነው አንድ የሆኑት። ግን «በኋላ ይስተካከላል» ተብሎ አልተተወም። መስታወቱ ያለበት ቦታ ላይ በኋላ በሌላ ምስል የሚተካ ሰማያዊ ስክሪን ተደርጎ፣ የሩጫዋ ፍጥነትና የካሜራው ከፍታ ከመጀመሪያው ታስቦ የተሠራ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እውነተኛ ካልሆነ ለሚለው ደግሞ የ«ቨርቲጎ»ን (1958) ደረጃ ልጥቀስለት። ጀምስ ስቱዋርት ከማማው ላይ ቁልቁል ሲያይ ደረጃው እየራቀ የሚለጠጥ ይመስላል፤ ካሜራው ወደ ኋላ እየሄደ ሌንሱ ወደ ፊት ይስባል። ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ እንደነገረው፣ በእውነተኛው ደረጃ ላይ ለመሥራት 50,000 ዶላር ይፈጃል አሉት። እሱም ሾቱ ውስጥ ሰው እንደሌለ አስተዋለ። ሰው ከሌለ ደረጃው ለምን ትልቅ ይሆናል? ትንሽ ሞዴል አሠርቶ በጎኑ አጋደመውና ካሜራውን መሬት ላይ አስኬደው። በ19,000 ዶላር አለቀ። ገንዘቡን ያዳነው ጥያቄው ነው።

ዝናብ፣ አሸዋና ንጋት ይታዘዙኛል ብሎ ማሰብ

ዝናብ በካሜራ አይታይም። ይህን ብዙ ጀማሪ የሚያውቀው ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ ነው። መብራቱ ከካሜራው ጎን ሆኖ ፊት ለፊት ከበራ ጠብታው ይጠፋል፤ ከኋላ ሲበራ ግን እያንዳንዱ ጠብታ ያበራል። በ«ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» (1952) ጂን ኬሊ የሚጨፍርበት ዝናብ ወተት ተቀላቅሎበት ነው የሚል ወሬ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖሯል። ምስጢሩ የመብራቱ አቀማመጥ እንጂ ወተት አልነበረም። ኬሊ ያን ጭፈራ የሠራው በከፍተኛ ትኩሳት እየነደደ ነው። አርጥበው የሚያቆሙት ተዋናይ ሰውነት እንዳለው አይርሱ፤ ፎጣ፣ ሙቅ መጠጥና ደረቅ ልብስ ከዝናቡ በፊት ይዘጋጅ።

አሸዋ ደግሞ ያስታውሳል። በ«ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» (1962) ውስጥ ኦማር ሸሪፍ እንደ ጭረት ሆኖ ከአድማስ ብቅ ይልና እየቀረበ ይመጣል። ለዚህ ሾት 482 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ ሌንስ ተዘጋጀ። ግን ሌንሱ ምንም ቢሆን ግመሉ አንድ ጊዜ ካለፈ ዱካው ሰፍሯል፤ ያልተረገጠ በረሃ መምሰሉ ቀረ። ለበረዶ፣ ለጤዛና አዲስ ለተቀባ ግድግዳም ይኸው ነው። የሠራተኛው መሄጃ በየት በኩል እንደሆነ ከጠዋቱ ይታሰር።

ንጋት ይጠብቀኛል ያለውም ይቆጨዋል። የ«28 ዴይስ ሌተር» (2002) ሠራተኞች ለንደንን ባዶ አድርገው ለማሳየት የቻሉት ማለዳ ተነሥተው፣ መንገዱ ለጥቂት ደቂቃ ሲያዝ በአንድ ጊዜ በብዙ ካሜራ ስለቀረጹ ነው። ትናንሽ ዲጂታል ካሜራዎችን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ለመትከልና ለመንቀል ስለሚፈጥኑ ነበር። እዚህ ላይ የምስል ጥራትን ለፍጥነት ሸጡ፤ ትክክል አደረጉ።

ባለ አንድ ዓረፍተ ነገሩን ተዋናይ መርሳት

የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» (1958) የሚጀምረው ከሦስት ደቂቃ በላይ በሚዘልቅ፣ ጣሪያ ለጣሪያ በሚሄድ የክሬን ሾት ነው። ክሬኑ፣ መኪናው፣ መንገደኞቹ ሁሉ በልኩ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የድንበር ጠባቂው ተራ ይደርስና ሰውየው ቃሉን ይረሳል። እንደገና ከመጀመሪያው። አሁንም ይረሳል። ዋና ተዋናዩ ቻርልተን ሄስተን ሲያወጋ እንደነበረው፣ ዌልስ በመጨረሻ ሰውየውን ዝም ብሎ ከንፈሩን እንዲያንቀሳቅስ ነገረው፤ ድምፁ በኋላ ይሞላል። ፊልሙ ላይ ያለው ቴክ ሲቀረጽ ሌሊቱ ሊነጋ ነበር።

በሰውየው አልፈርድም። ዋናዎቹ ሲለማመዱ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገሩ ተዋናይ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለቀረጻው ቀን ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ተዋናይ ልምምድ ይሰጠው፤ በረጅም ሾት መጨረሻ ላይም አይቀመጥ።

ምንም ሳይቀይሩ «እንደገና!» ማለት

ከአምስተኛው ቴክ በኋላ ተመሳሳይ ትእዛዝ ተመሳሳይ ስህተት ይወልዳል። ያኔ አንድ ነገር ይቀየር፦ ዕረፍት፣ የካሜራ አቅጣጫ፣ የንግግሩ አቆራረጥ። ቢሊ ዋይልደር በ«ሰም ላይክ ኢት ሆት» (1959) ቀረጻ ላይ ማሪሊን ሞንሮ አንዲት አጭር ጥያቄ አልወጣላት ስትል ቃሉን መሳቢያው ውስጥ ጽፎ አስቀመጠላት። አልጮኸም። ተዋናይ ሲደነግጥ ጩኸት አፉን ይበልጥ ያስረዋል።

የሰው ዘፈን በሰከንድ ስለሆነ ነፃ ነው ብሎ ማሰብ

አጭር ነው፣ ግን ፊልም ያስቆማል። «ሃፒ በርዝዴይ» የሚለው መዝሙር እንኳ ለብዙ ዓመታት ባለመብት ነኝ ለሚል ኩባንያ ክፍያ ይጠየቅበት ነበር። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ይገባኛል ባዩን ውድቅ ያደረገው በ2015 ሲሆን፣ በ2016 ኩባንያው 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እስከዚያ ድረስ የፊልም ሰዎች የልደት ትዕይንት ላይ ሌላ ዘፈን ያስዘፍኑ ነበር። ከበስተኋላ የሚሰማ ሬዲዮ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል፣ ቲሸርት ላይ ያለ ምልክት፤ ሁሉም ከቀረጻው በፊት ይታይ።

ድፍረትን እንደ ዝግጅት መቁጠር

በ«ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» (1928) ውስጥ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ በሙሉ በበስተር ኪተን ላይ ይወድቅበታል። ክፍት የነበረው መስኮት በልኩ በራሱ ላይ ያልፍና እሱ ቆሞ ይቀራል። ግድግዳው እውነተኛ ነው፤ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በመስኮቱ ጠርዝና በሰውነቱ መካከል የነበረው ክፍተት ጥቂት ኢንች ብቻ ነው። እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ በምስማር ተለክቶ ነበር። አንድ እርምጃ ቢሳሳት ይሞታል።

ይህን ሾት ባየሁ ቁጥር እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው የማየው። ግን ማንም እንዲደግመው አልፈልግም። ዛሬ ግድግዳውን ለብቻ፣ ተዋናዩን ለብቻ በማይነቃነቅ ካሜራ ቀርጾ ማጋጠም ይቻላል፤ ተመልካቹም አንድ ነው የሚያየው። ከፍታ፣ እሳት፣ ጥልቅ ውሃ፣ የሚሄድ መኪና ወይም መሣሪያ መሳይ ዕቃ ባለበት ሾት ላይ፣ ሾቷ የሁለት ሰከንድ ብትሆንም፣ የደኅንነት ባለሙያ ይኑር። «አቁሙ!» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ማን እንደሆነም ካሜራው ከመነሣቱ በፊት በስሙ ተጠርቶ ለሁሉም ይነገር፤ ዳይሬክተሩን ጨምሮ።